ጊታሩን ገልብጦ የያዘው አልበርት ኪንግ

እሱ፦ ዛሬ የምናወራው ስለ አሜሪካዊው የብሉዝ ጊታሪስት፣ ስለ ኪንግ ነው።

እሷ፦ ስለ ቢቢ ኪንግ?

እሱ፦ አይደለም። አልበርት ኪንግም ይሄን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሳይሰማው አልቀረም።

እሷ፦ ወንድሙ ነው እንዳትለኝ ብቻ።

እሱ፦ ዘመዱም አይደለም። አልበርት ግን አንዳንዴ ወንድሜ ነው ይል ነበር። የራሱ ስም አልበርት ኔልሰን ነው። በፈረንጆቹ 1923 ሚሲሲፒ ውስጥ ተወለደ። ያደገው ግን አርካንሳ፣ ፎረስት ሲቲ አካባቢ፣ ጥጥ እየለቀመ ነው። ቢቢ ኪንግ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ስሙ ሲገንን፣ እሱም ኪንግ ነኝ ብሎ ብቅ አለ።

እሷ፦ ቆይ ቆይ፣ ስሙን ወሰደበት ማለት ነው?

እሱ፦ ስሙን ብቻ ቢሆን ጥሩ! ቢቢ ጊታሩን ሉሲል ነበር የሚላት። አልበርት የራሱን ምን ቢላት ጥሩ ነው? ሉሲ።

እሷ፦ (ሳቅ) ኧረ ይሄ ዓይን አውጣ ነው!

እሱ፦ ነው። አጨዋወቱን ግን ከማንም አልወሰደም። ልውሰድ ቢልም አይችልም፣ ምክንያቱም ግራኝ ነው።

እሷ፦ የሮክ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስስ? እሱም ግራኝ አልነበረም እንዴ?

እሱ፦ ጥሩ አመጣሽው። ሄንድሪክስ የቀኝ ጊታር ያዞርና ክሮቹን ፈትቶ እንደገና ያስራቸዋል። ወፍራሙ ክር እንደ ሁሉም ሰው ከላይ ይሆናል። አልበርት ግን ገልብጦ ያዘው፣ አለቀ። ክሮቹን አልነካቸውም። ቀጭኑ ከላይ፣ ወፍራሙ ከታች ሆነ። በኋላ ለግራኝ ተብሎ ጊታር ሲሠራለት እንኳን የክሮቹ ቅደም ተከተል እንደተገለበጠ ነው የቀረው።

እሷ፦ እሺ፣ ግን ለሚሰማው ሰው ምን ለውጥ አለው? ኖታው ያው ኖታ ነው።

እሱ፦ ለውጥማ አለው። የኤሌክትሪክ ብሉዝ ጊታር የሰው ድምፅ የሚመስለው መቼ ነው? ክሩ በጣት ተስቦ፣ ድምፁ እየተንሸራተተ ሲወጣ ነው። ሌላው ጊታሪስት ቀጭኑን ክር ወደ ላይ ነው የሚገፋው፣ በጣቶቹ ጉልበት። አልበርት ደግሞ ወደ ወለሉ፣ ወደ ታች ይስበዋል። እጁ በሙሉ ያግዘዋል። በዚያ ላይ ሰውየው ግዙፍ ነው፤ ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 በላይ። ዶዘርም ነድቷል።

እሷ፦ የምርህን ነው? ዶዘር?

እሱ፦ የምሬን። ከዚያ ነው ከፋይ (ቬልቬት) ቡልዶዘር የሚል ቅጽል ስም የወጣለት። ድምፁ ለስላሳ፣ ጉልበቱ እንደምታይው። ሌላም አለ። ክሮቹን ከተለመደው ቅኝት ዝቅ አድርጎ ያላላቸዋል። ፒክ የሚባለውን የክር መምቻ አይነካም፣ በአውራ ጣቱ ነው የሚመታው። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ነው ያ ድምፅ የሚመጣው። ኖታ ደግሞ አያበዛም። አንዷን ይይዝና እስክትጮህ ይስባታል።

እሷ፦ እኔን የገረመኝ ዕድሜው ነው። የመጀመሪያ ሸክላውን ቺካጎ ላይ ያስቀረፀው በ1953 ነው፣ ግን ብዙ ሰው አልሰማውም። አንድ ሰሞን ለብሉዝ ዘፋኙ ጂሚ ሪድ ድራም መትቷል። በ1961 አንድ ዘፈኑ የአር ኤንድ ቢ፣ ማለትም የጥቁሮች ሙዚቃ የተወዳጅነት ሰንጠረዥ ውስጥ ገባለት። እውነተኛ ዝና የመጣው ግን በ1966 ሜምፊስ ሄዶ ከስታክስ ጋር ሲፈራረም ነው። 43 ዓመቱ! በዛ ዕድሜ እኮ ብዙው ሰው ጊታሩን ሰቅሎታል።

እሱ፦ ስታክስን ትንሽ አብራሪያት።

እሷ፦ ሙዚቃ አሳታሚ ነው። ስቱዲዮው የድሮ ሲኒማ ቤት ነበር። አጃቢዎቹ ቡከር ቲ እና ኤምጂስ ናቸው፤ ሁለት ጥቁር፣ ሁለት ነጭ፣ ያውም በዚያን ጊዜ ሜምፊስ ውስጥ። ብሉዝ ሳይሆን ሶል የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። እነሱ ሪትሙን ጠበቅ አድርገው ይዘውለት፣ እሱ በላዩ ላይ እያለቀሰ ሄደ።

እሱ፦ በ1967 የወጣው "ቦርን አንደር ኤ ባድ ሳይን" ያኔ ነው የተሠራው።

እሷ፦ በክፉ ኮከብ ስለተወለደ ሰው የሚያወራው። የጻፉት ዊሊያም ቤል እና ቡከር ቲ ጆንስ ናቸው። በዓመቱ እንግሊዞቹ ክሪሞች፣ ኤሪክ ክላፕተን ያለበት ባንድ፣ መልሰው ተጫወቱት።

እሱ፦ በዚያው በ1968 አልበርት ሳን ፍራንሲስኮ፣ ፊልሞር አዳራሽ ከሄንድሪክስ ጋር አንድ መድረክ ላይ ወጣ። ድሮ የሚሰሙት በጥቁሮች ክለብ ውስጥ ያሉ ሰዎች ነበሩ። አሁን ፊቱ የቆሙት ጸጉራቸውን ያሳደጉ ነጭ ሂፒዎች ናቸው።

እሷ፦ ስታክስ በ1975 ከሰረ። ከዚያ በኋላ የሠራቸው አንዳንዶቹ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ አይመቹኝም። ቫዮሊኑና ኮረሱ በዝቶ ጊታሩን ይሸፍነዋል።

እሱ፦ እስማማለሁ። ስለዚህ እንዝለለውና በቀጥታ 1983 እንግባ። ካናዳ፣ ሃሚልተን ከተማ፣ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ። አልበርት ከወጣቱ የብሉዝ ጊታሪስት ከስቲቪ ሬይ ቮን ጋር ሊጫወት ነው። አልበርት 60 ዓመቱ፣ ስቲቪ 29። ልጁ በዚያው ዓመት በእንግሊዛዊው ዘፋኝ በዴቪድ ቦዊ "ሌትስ ዳንስ" ላይ ጊታር ተጫውቷል። ዘፈኑን ከፍተሽ ጊታሩን ብትሰሚ የአልበርትን እጅ ታገኚዋለሽ።

እሷ፦ ሽማግሌው ሲሰማው ምን ብሎት ይሆን?

እሱ፦ መጀመሪያ ከማን ጋር እንደሚጫወት እንኳን አላወቀም ነበር ይባላል። ሲያየው ግን ለካ ድሮ ኦስቲን ላይ አብሮት መድረክ የወጣው ልጅ ነው! በየዘፈኑ መሃል ወሬያቸው አብሮ ተቀርጿል። እንደ አባት ይመክረዋል፣ መልሶ ደግሞ ይተርበዋል። በባንዱ ላይ ቁጡ ነው የሚባለው ሰውዬ እዚያ ላይ የለም። ስቲቪም አልተፎካከረውም፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ብሎ መንገድ ይለቅለታል።

እሷ፦ ያ ቅጂ በሲዲ የወጣው በ1999 ነው። ሁለቱም አላዩትም። ስቲቪ በ1990 በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። አልበርት ደግሞ በታኅሣሥ 1992 ሜምፊስ ላይ፣ በድንገተኛ የልብ ሕመም። ከሁለት ቀን በፊት ሎስ አንጀለስ መድረክ ላይ ነበር።

እሱ፦ አዲስ አድማጭ በየቱ ይጀምር ትያለሽ? እኔ የ1967ቱን አልበም ነው የምለው።

እሷ፦ እኔ ግን ከስቲቪ ጋር ያለውን ነው የምለው። በቪዲዮ ቢያዩት ደግሞ ይሻላል፤ ጊታሩ መገልበጡን በዓይን ካላዩት አያምኑህም።