ላባ ከበረራ ይቀድማል

ውድ የጅማ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ላባ ነው። ዶሮ ስንነጭ እፍኝ እፍኙን የምንጥለው ላባ።

እስቲ አንድ የክንፍ ላባ አንሱና ጠርዙን በጣታችሁ ሰንጥቁት። ይከፈላል። ከዚያ ከሥሩ ወደ ጫፉ ቀስ አድርጋችሁ ዳብሱት። መልሶ ይገጥማል! ከመሃሉ ዘንግ ግራና ቀኝ የወጡት ክሮች ሌሎች ደቃቅ ክሮች አሏቸው። በእነዚያ ላይ ደግሞ በዓይን የማይታዩ መንጠቆዎች አሉ። እንደ ጃኬት ዚፕ ይያያዛሉ። ወፍ ላባዋን በመንቁሯ ስታበጥር ስታዩ፣ አንዱ ሥራዋ የተላቀቀውን መግጠም ነው።

ብዙ ሰው ላባ የመጣው ለመብረር ይመስለዋል። ቅሪተ አካላት የሚነግሩን ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ቻይና ውስጥ፣ ሊያውኒንግ በተባለ ግዛት፣ ሳይኖሶሮፕተሪክስ የሚባል ትንሽ ዳይኖሰር ተገኘ። ክንፍ የለውም። ገላው ግን ፀጉር በሚመስል ላባ ተሸፍኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ዩቲራነስ የሚባል ሌላ ዳይኖሰር ይፋ ሆነ፤ ርዝመቱ 9 ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን በላይ። ይህ አውሬ ይበራል የሚል የለም። እሱም ላባ ነበረው።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ ይጠይቀኛል። እነዚህ የኖሩት የዛሬ 125 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። ጀርመን የተገኘው ባለ ክንፉ ጥንታዊ ወፍ መሰል እንስሳ፣ አርኪዮፕተሪክስ፣ ግን 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። ታዲያ ላባ እንዴት ከበረራ ይቀድማል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ጭራሽ በርረው የማያውቁ የዳይኖሰር ዘሮች ላባ ካላቸው፣ ከወፎች ጋር የሚጋሩት ከሩቅ የጋራ ቅድመ አያት የወረሱትን ነው። ያ ቅድመ አያት ደግሞ ከአርኪዮፕተሪክስም ይቀድማል።

ታዲያ ለምን ጠቀማቸው? አንደኛው ግምት ሙቀት ነው፤ ጫጩት ገና ሳትበር ለስላሳ ላባ ለብሳ ትሞቃለች። ሌላው መታየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች በሳይኖሶሮፕተሪክስ ላባ ውስጥ የቀለም ቅንጣቶችን አግኝተው፣ ጭራው ቀይ ቡናማና ነጭ እየተፈራረቀበት የተዥጎረጎረ እንደነበር አሳይተዋል።

የቀለም ነገር ከተነሳ፣ እዚሁ ጅማ ዙሪያ ያለችውን ነጭ ጉንጭ ቱራኮ የምትባል ወፍ ሳላነሳ አላልፍም። አረንጓዴ ናት። ቅርንጫፍ ላይ ስትቀመጥ ከቅጠሉ አትለይም። ክንፏን ስትከፍት ግን ደማቅ ቀይ ብልጭ ይላል። የብዙ ወፎች አረንጓዴ ግማሹ የብርሃን ሥራ ነው፤ የእሷ ግን ራሱን የቻለ ቀለም ነው። ቀዩ ደግሞ መዳብ አለበት፤ አዎ፣ ሽቦ የሚሠራበት መዳብ! መዳቡን የምታገኘው ከምግቧ ነው፣ ምግቧ ደግሞ በአብዛኛው የዛፍ ፍሬ ነው። ለዚህ ነው የቡናችን ጥላ ዛፍ ሲቆረጥ የሚያንገበግበኝ። ዛፉ ከሄደ ፍሬውም፣ ወፏም የለችም።

ወላጆች፣ ቡና ያላችሁ፣ አደራ፤ ፍሬ የሚሰጡትን አገር በቀል ዛፎች አትንኩ።

ከኋላ ጠረጴዛው ላይ የዶሮና የርግብ ላባ ከማጉያ መነፅር ጋር አስቀምጠናል። መንጠቆዎቹ በማጉያ መነፅር አይታዩም፣ ክሮቹ ግን በደንብ ይታያሉ። ታናናሾቻችሁን አስቀድሙ። አመሰግናለሁ።