በአንዲት የሕንድ መንደር ማን ይኖራል? (የማኅበሩ ሊቀ መንበር የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

አብዛኞቻችን ሕንድ ተምረናል። የምናውቃት ግን በዩኒቨርሲቲ ግቢና በከተማ ነው። በ2011 ቆጠራ (ዓመቶቹን በፈረንጆች ነው የምጠራው) ከሕዝቧ 69 በመቶ ገደማው የገጠር ነዋሪ ነበር። ስለዚህ የዘንድሮውን ጉባኤ ለገጠሩ ሰጥተነዋል። ከዚህ ቀደምም ልናደርገው ይገባ ነበር።

በሕንድ ቆጠራ ሰንጠረዥ እያንዳንዷ መንደር የራሷ መስመር አላት። ስንት ቤተሰብ፣ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ስንቱ የራሱን መሬት ያርሳል፣ ስንቱ በሰው መሬት በቀን ሥራ ያድራል፤ ሁሉም ተጽፏል። የልጆቹን ዓምድ ስታዩ ግን ልባችሁ ያዝናል። ከ7 ዓመት በታች ካሉት፣ በአገር ደረጃ ለ1,000 ወንድ 919 ሴት ብቻ ነው የተቆጠረው። ሴት ፅንስ ተለይቶ እንዳይወርድ፣ የፅንስን ፆታ መርምሮ መንገር በ1994 በወጣ ሕግ የተከለከለ ነው። ቁጥሩ ግን ይኸው ነው።

ሌላው ዓምድ የዳሊቶች ነው፤ ዳሊቶች በካስት፣ ማለትም በትውልድ በሚወሰነው የማኅበረሰብ ደረጃ፣ ከሁሉም በታች የተደረጉት ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ሰውን «አይነካም» ብሎ ማግለልን በአንቀጽ 17 ሽሯል። ሆኖም በደቡብ ሕንድ ወዳለችው ታሚል ናዱ ግዛት ገጠር ብትሄዱ በብዙ ቦታ ዋናው መንደር «ኡር» ይባላል፤ የዳሊቶቹ ሰፈር «ቼሪ» ደግሞ ፈንጠር ብሎ ለብቻው አለ። ሰንጠረዡ ሁለቱን ደምሮ አንድ መንደር ይላቸዋል። ማን ከየት ውኃ እንደሚቀዳ አይነግራችሁም። በዚያ ላይ ሕጉ በዚህ ዓምድ የሚያስገባው ሂንዱ፣ ሲክና ቡድሂስት የሆነውን ብቻ ነው። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም የሆነ ዳሊት እዚያው ሰፈር እየኖረ ከዝርዝሩ ውጪ ይሆናል። እኔ ይህን ፍትሐዊ ነው አልልም።

ለእኛ ቀረብ ያለ ነገርም አለ። በካርናታካ ግዛት፣ የላፑርና ሃሊያል በሚባሉ ከተሞች አካባቢ፣ ጫካ ዳር ባሉ መንደሮች ሲዲዎች ይኖራሉ። ዘራቸው ከአፍሪካ ነው፤ የብዙዎቹ አያት ቅድመ አያቶች በጎዋ ከፖርቱጋሎች ባርነት ያመለጡ ናቸው። ሁሉም ከኢትዮጵያ ሄዱ ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ ከሌላው የምሥራቅ አፍሪካ ክፍል ናቸው። ከመካከላቸው ሂንዱም፣ ሙስሊምም፣ ክርስቲያንም አለ። ሴቶቹ ከአሮጌ ሳሪና ከተረፈ ጨርቅ ቁራጭ በቁራጭ እየደራረቡ «ካዋንዲ» የሚባል ብርድ ልብስ በእጃቸው ይሰፋሉ። ከ2003 ጀምሮ መንግሥት ልዩ ድጋፍ በሚሰጣቸው ጎሳዎች ዝርዝር ገብተዋል። በመንደሩ መስመር ላይ ግን ስማቸውን አታገኙም፤ ከሌሎች ጎሳዎች ጋር ተደምረው አንድ ቁጥር ሆነዋል። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው።

የ2021 ቆጠራ በኮቪድ ምክንያት ተላለፈ። ቀጣዩ ለ2027 ተይዟል፤ ከ1931 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁሉም ሰው ካስት ይመዘገባል። ውጤቱ ሲወጣ አንብቦ በአማርኛ የሚያቀርብልን አንድ ቡድን ከአባላቱ መካከል እንድንመርጥ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከሰዓት በኋላ ድምፅ እንሰጥበታለን።

አሁን ስለ ሴት የመንደር ምክር ቤት ሊቃነ መናብርት ጥናት ያዘጋጁትን እህታችንን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ። በሕጉ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ወንበር የሴት ነው፤ በየመንደሩ ግን ባልየው በሚስቱ ወንበር እንደሚያዝ ይነገራል። እሳቸው በሰፊው ያስረዱናል።