ለዛሬው ሰውነታችን የተሰፋ ልብስ

እንደምን ናችሁ እህቶቼ? ከጅማ ነው የማወራችሁ። የዛሬው ወሬያችን ስለ ልብስ ነው። አርባን አልፈን፣ ቁም ሳጥኑ ሞልቶ ሳለ «የምለብሰው የለኝም» ለምንል ሴቶች።

እኔ ችግሩ ዕድሜው ነው ብዬ አላምንም። ልኩ ነው። ድሮ በተለካንበት ልክ ዛሬም መልበስ እንፈልጋለን። የወር አበባ ወደ መቋረጡ ሲቃረብ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። ስብ ዳሌና ጭን ላይ መቀመጡን ትቶ ወደ ሆድ ያደላል። ኪሎ ባንጨምር እንኳ ወገባችን ይሰፋል። ማረጥ አብዛኞቻችንን ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ጊዜ ያገኘናል። ታዲያ ቀሚሱ ሲጠበን ራሳችንን የምንወቅሰው ለምንድን ነው?

ሙቀቱም አለ። ቁጭ ባልንበት ከደረት ተነስቶ ፊታችን ላይ የሚወጣው፣ ከዚያ ላቡ፣ ከዚያ ብርዱ። ፖሊስተር በዚህ ሰዓት ያሰቃያል። ላብ አይመጥም፣ ገላ ላይ ይለጠፋል። ጥጥ ግን ይመጠዋል። ነገር ግን ሻጩ «ንጹህ ጥጥ ነው» ስላላችሁ ብቻ አትመኑ። ከጨርቁ ጠርዝ ሁለት ሦስት ክር ምዘዙና ቤታችሁ ወስዳችሁ ሳህን ላይ በክብሪት አቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይበናል። ፖሊስተር ከሆነ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ጠንካራ ፍሬ ይቀራል። የተቀላቀለ ከሆነ ትንሽ አመድም፣ ትንሽ ፍሬም ታገኛላችሁ።

የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ይበርዳል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ከሰዓት ዝናቡ ይወርዳል። አንድ ወፍራም ሹራብ ለብሶ ከመዋል ስስ ስሱን መደራረብ ይሻላል። ነጠላን የምወደው ለዚህ ነው። ሲሞቅ ከትከሻ ይወርዳል፣ ሲበርድ ይከናነቡታል። ቀሚሱ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢያልቅ ደግሞ ቀይ ጭቃችን አይደርስበትም።

«ይሄ ቀለም ለዕድሜሽ አይሆንም» የሚሏችሁን አትስሙ። እውነቴን ነው። ሐሙስ ገበያ ውጡና በዕድሜ የገፉ እናቶችን እዩ። ቢጫ ሻሽ፣ አረንጓዴ ሻሽ፣ ደማቅ አበባ ያለበት ቀሚስ። እንዴት እንደሚያምርባቸው! እኛ ገና በአርባዎቹ ጥቁርና ቡኒ ውስጥ የምንደበቀው ማንን ፈርተን ነው?

ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ ሁልጊዜ የምታደርጉትን ጡት መያዣ አድርጋችሁ ሂዱ። ስትለኩ ሆዳችሁን አትሳቡ። ቆማችሁ ከተለካችሁ በኋላ ተቀምጣችሁም ወገባችሁን አስለኩ፤ ስንቀመጥ ይሰፋልና። «በግራና በቀኝ ጎኑ ስፌት ውስጥ ትርፍ ጨርቅ ይተዉልኝ» በሉ። ብዙ ሰፊ ካልተነገረው አስጠግቶ ይቆርጠዋል።

የምትወዱት ግን የጠበባችሁ ቀሚስ ካለ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት ገልብጡና የጎኑን ስፌት እዩ። ትርፍ ካለው ይፈታል። ከሌለውም ከብብት እስከ ታች የሚስማማ ጨርቅ በቀጭኑ ይገባበታል። ክንድ ስር ስለሚውል ብዙም አይታወቅም። ሰፊውን «የክሩን ቀለም ከጨርቁ ጋር አመሳስልልኝ» ማለት ብቻ አትርሱ።