ትራንስፎርመሩ ሌሊት ምን ይሠራል?

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆቼ? ዛሬም ከባሕር ዳር ነኝ። እዚህ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰፈሩ ጭጭ ሲል፣ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር እምምም ሲል በደንብ ይሰማል። ሰው ሁሉ ተኝቷል። ታዲያ ለማን ነው የሚሠራው?

በወረቀት ላይ ያለው ትራንስፎርመር ሰከንደሪው (ወደ ቤቶች መብራት የሚሰጠው የሽቦ ጥቅል) ክፍት ከሆነ፣ ማለትም ምንም ካልተያያዘበት፣ ምንም ከረንት አይስብም። እውነተኛው ግን ይስባል። ትንሽ ነው፣ ከሙሉ ጭነቱ ጥቂት ፐርሰንት ቢሆን ነው። አብዛኛው ብረቱን ማግኔት ለማድረግ ይውላል፤ የቀረው እዚያው ብረቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ ብረቱ በሰከንድ 100 ጊዜ በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። ድምፁ ከዚያ ይመጣል። ይሄ ብክነት ሌት ተቀን አያቋርጥም። ስለዚህ ለጥቂት ቤቶች ግዙፍ ትራንስፎርመር ሲሰቀል ሳይ በጣም ያንገበግበኛል። ደግሞ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ስስ አየር ሙቀት ቶሎ አይወስድም።

ሾርቱ ግን ከሁሉም በላይ ይስበኛል። ላብራቶሪ ውስጥ ዝቅተኛውን ጎን በወፍራም ገመድ ሆን ብለን ሾርት እናደርጋለን። ከዚያ በከፍተኛው ጎን ቮልቴጁን ከዜሮ ቀስ እያልን እንጨምራለን። ከ15,000 ወደ 400 ቮልት የሚያወርድ፣ አቅሙ 200 ኬቪኤ የሆነ፣ ኢምፒዳንሱ (ከረንትን የሚገታበት መጠን) 4 ፐርሰንት የሆነ ትራንስፎርመር ውሰዱ። የ15,000ው 4 ፐርሰንት፣ ማለትም 600 ቮልት ላይ ስትደርሱ ሙሉ ከረንቱ መፍሰስ ይጀምራል። በዚህ ቮልቴጅ ብረቱ እምብዛም ስለማይሠራ፣ ዋትሜትሩ (የኃይል መለኪያው) የሚያሳየው የመዳቡን ብክነት፣ ማለትም በሽቦ ጥቅሎቹ ውስጥ ሙቀት ሆኖ የሚጠፋውን ነው ማለት ይቻላል።

ያው ሾርት መንገድ ላይ፣ በሙሉ ቮልቴጅ ቢደርስስ? 15,000 የ600 25 እጥፍ ስለሆነ ከረንቱም ከሙሉው እስከ 25 እጥፍ ይወጣል፤ በ400 ቮልቱ በኩል ወደ 7,200 አምፒር። ከዚያ እንዳያልፍ የሚይዘው በዋናነት ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው ሳይደርስ የሚያመልጠው ማግኔት ነው። ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ያየዋል፤ እኔ ግን ትልቅ ባለውለታ አድርጌ ነው የማየው። ቢሆንም ጥቅሎቹን የሚገፋው ኃይል በከረንቱ ስኩዌር ስለሚያድግ 625 እጥፍ ይሆናል። በደንብ ያልታሰረ ጥቅል ከቦታው ይንሸራተታል፣ ውጭው ግን ደህና ይመስላል።

በዚህ ሙያ ያላችሁ፣ እባካችሁ ከባድ ሾርት ያገኘውን ትራንስፎርመር ፊውዝ ቀይራችሁ ብቻ አትመልሱት። ኢምፒዳንሱን ለኩና ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዩት። በግልጽ ከተለየ ጥቅሉ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ሳይከፈትና ሳይታይ መብራት አትልቀቁበት።