ማሽኑ የማያውቀውን እኛ እናውቃለን
(ሐዋሳ ውስጥ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

“ጉግል እያለ ቤተ መጻሕፍት ምን ይሠራል?” የሚለውን ጥያቄ ያልሰማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ከከተማችን ስም ተነስቼ ልመልሰው።

አንዱ ተማሪ ኮምፒውተሩ ላይ “ሐዋሳ” ብሎ ይፈልጋል። ሌላው “ሀዋሳ” ይላል። የቆዩ ሰነዶች “አዋሳ” ይላሉ። በሲዳምኛ ሲሆን ደግሞ በላቲን ፊደል ይጻፋል። ለእኛ ሁሉም አንድ ከተማ ነው። ማሽኑ ግን ካልተነገረው በቀር አራት የተለያየ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። አንዱን የጻፈ ሌሎቹን ሳያይ ይወጣል፤ “ምንም የለም” ብሎም ይሄዳል። መጽሐፉ ግን እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ።

ዛሬ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ዩኒቨርሲቲያችንን ውሰዱ። በ1992 ዓ.ም. ሲመሠረት ስሙ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከዚያ በፊት የእርሻ ኮሌጁ ለብቻው ነበር። ስለ እንሰት ወይም ስለ ሐይቁ ዓሣ የሚያጠና ወጣት የሦስቱንም ዘመን ጥናቶች በአንድ ፍለጋ ማግኘት አለበት። ያን ክር የሚያያይዘው የታሪኩን ሂደት የሚያውቅ ባለሙያ ነው።

በፊደላችንም ያው ነው። “ፀሐይ” የሚለው ቃል በሁለቱ ጸ እና በሦስቱ ሀ ብቻ ስድስት ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። የደራሲ ስምም አለ። በእኛ አገር መጽሐፍ የሚመዘገበው በራሱ በደራሲው ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። ከውጭ የመጣ ዝርዝር እንዳለ ሲገለበጥ ግን ደራሲያችን በአባቱ ስም ሥር ተሸሽጎ ይቀራል። ዓመተ ምሕረትም ያምታታል። ሽፋኑ ላይ 2012 የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ ያለ “ዓ.ም.” ከተመዘገበ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚፈልግ ሰው በሰባት ስምንት ዓመት ያረጀ ይመስላል።

እነዚህን ለማስተካከል የሚያግዝ ሶፍትዌር በነፃ አለ። ኮሃ ከኒውዚላንድ ተነስቶ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራ የቤተ መጻሕፍት ሥርዓት ነው፤ ለመጠቀም ፈቃድ መግዛት አያስፈልግም። የአንድን ስም የተለያዩ አጻጻፎች ወደ አንድ የሚያመጣ መዝገብም አለው። ያን መዝገብ የሚሞላ ሰው ግን ከኒውዚላንድ አይመጣም።

ስለዚህ በጀት ሲጠየቅ የኮምፒውተር ቁጥር ብቻ አይጻፍ። ለምዝገባ የሚቀመጥ ባለሙያም ይታሰብ። አዳዲስ ኮምፒውተር ተደርድሮ ካታሎጉ፣ ማለትም የመጻሕፍቱ መፈለጊያ ዝርዝር፣ ባዶ ሲሆን ሳይ እንደ ባለሙያ ያመኛል። ኔትወርክ ሲቆራረጥም አገልግሎቱ እንዳይቆም፣ ካታሎጉና ስካን የተደረጉ ሰነዶች እዚሁ ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ይቀመጡ።

የከተማችንን ተቋማት፣ ቀበሌዎችና ደራሲያን ስም ከነሙሉ አጻጻፋቸው የያዘ አንድ የጋራ ዝርዝር እንድንጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። የትምህርት ቤት፣ የኮሌጅ፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሳንል አንድ ላይ። ከሻይ እረፍት በኋላ ፈቃደኞች እዚሁ እንቀመጥ። ተማሪዎችም ቆዩልን፤ ፍለጋው ላይ ምን ብላችሁ እንደምትጽፉ ከእናንተ መስማት አለብን።

አመሰግናለሁ።