ሎኬሽን ላኩልኝ ያለው ንጉሥ

አቤል፦ እሺ፣ ገብተናል። ሰላም ነው ቤቶች? ታኅሣሥ 29 ደርሷል፣ ስለዚህ የዛሬ ርዕሳችን ሰብአ ሰገል ነው። እነማን ናቸው፣ ለምን መጡ፣ ስጦታቸው ምን ማለት ነው።

ሰላም፦ በቁም ነገር ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት። ወረቀት ሁሉ ይዣለሁ።

አቤል፦ አይቼዋለሁ። ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ።

ሰላም፦ አይ! ገንፎውን እንዳትጀምር።

አቤል፦ አድማጮች እኮ አልሰሙትም!

ሰላም፦ እኔ አራት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በል ግን፣ አሳጥረው።

አቤል፦ ካቻምና ጥቅምት ላይ ነው። አንድ ጓደኛዬ ሚስቱ ወለደች። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የማውቀው ልጅ ነው፣ ግን ከተለያየን ቆይተናል። ስልክ ደወልኩ፣ «ሎኬሽን እልክልሃለሁ» አለኝ። እናቴ ለአራሷ ብላ የተነጠረ ቅቤ በማሰሮ ሰጠችኝ። እኔ ደግሞ የሕፃን ልብስ፣ ዳይፐር፣ አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ገዝቼ በሪባን አሳሰርኩ። ሰሚት አካባቢ ደረስኩ። ማፑ «ደርሰዋል» አለኝ። ቀና ስል ምን የመሰለ ጂ ፕላስ ቱ! በሩ ብቻ የእኛን ቤት ያህላል።

ሰላም፦ እና አልጠረጠርክም።

አቤል፦ ምን እጠረጥራለሁ? «ልጁ ተሳክቶለታል» አልኩ። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ፣ እውነቱን ለመናገር። ዘበኛው ከፈተ። «ለአራስ ጥየቃ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ዘው ብዬ ገባሁ፣ ሳሎን ሰው ሞልቷል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አልኩ በሙሉ ድምፅ።

ሰላም፦ እነሱስ?

አቤል፦ «ማርያም ታኑርህ፣ ግባ፣ ግባ» አሉኝ! አራሷ ክፍል ውስጥ ተኝታለች ተባልኩ፣ ስጦታዬን አንዲት ሴትዮ ተቀበለችኝ፣ ቁጭ አልኩ፣ ገንፎ መጣ። ሰላም፣ ያ ገንፎ... መሐሉ ላይ ቅቤውና በርበሬው እንደ ሐይቅ ነው የተኛው።

ሰላም፦ ይኸው ገንፎው መጣ።

አቤል፦ ልጨርስልሽ። ግማሽ ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ነው። «የት ደረስክ?» አለኝ። «ቤትህ ነኝ እኮ፣ ገንፎ እየበላሁ ነው» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «የትኛው ቤቴ?» አለኝ።

ሰላም፦ (ሳቅ) ሁሌ እዚህ ጋ ነው የምሞተው።

አቤል፦ ለካ የባለ ቪላው ልጅም በዚያው ሳምንት ወልዳለች! ጓደኛዬ ሁለት ግቢ አልፎ፣ ከኋላ፣ አንድ ሰርቪስ ተከራይቶ ነው የሚኖረው። አንድ ክፍል ናት። አልጋ፣ አንድ ኩርሲ፣ ሕፃኑና እናቱ። እኔ ደግሞ ባዶ እጄን። ስጦታዬን «ተሳስቼ ነው፣ መልሱልኝ» አይባል ነገር! የተረፈኝ መኪና ውስጥ የረሳሁት የእናቴ ቅቤ ብቻ ነው።

ሰላም፦ ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ፣ ቅቤ።

አቤል፦ አዎ! ሳቂ አንቺ። ግን ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ያን ቀን ማታ ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን ከፍቼ አነበብኩ፣ ሰብአ ሰገልም ልክ እንደ እኔ ነው ያደረጉት። ኮከብ አይተው ነው የመጡት፣ አይደል? ግን መጀመሪያ የት ሄዱ? ቤተ ልሔም አልሄዱም። ኢየሩሳሌም ሄዱ። ዋና ከተማ፣ ቤተ መንግሥት ያለበት። ምክንያቱም ንጉሥ ተወለደ ከተባለ የት ይወለዳል? ጂ ፕላስ ቱ ውስጥ ነዋ!

ሰላም፦ እዚህ ጋ እንኳን ልክ ነህ። «የተወለደው የአይሁድ ንጉሥ ወዴት ነው?» ብለው የጠየቁት እዚያ ነው። ደግሞ የጠየቁት ንጉሥ ባለበት ከተማ ነው። ሄሮድስ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ «የተወለደው ንጉሥ» ሲባል ምን እንደሚሰማው አስበው።

አቤል፦ ሄሮድስ ደግሞ ንጉሥ ሆኖ የተወለደ አይደለም። ሮማውያን ናቸው የሾሙት።

ሰላም፦ ኤዶማዊ ነው በዘሩ። አይሁድም ከልባቸው አልተቀበሉትም። እና ይሄ ሰውዬ በሥልጣን ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ሚስቱን ማርያምኔን አስገድሏል። ከእሷ የወለዳቸውን ሁለት ወንዶች ልጆቹንም አስገድሏል። ስለዚህ «ደነገጠ፣ ኢየሩሳሌምም ሁሉ ከእርሱ ጋር» ሲል ከተማው የደነገጠው በሕፃኑ አይመስለኝም፣ ሄሮድስ ሲደነግጥ ምን እንደሚያደርግ ስለሚያውቁ ነው።

አቤል፦ እሺ፣ ግን እኔን የሚገርመኝ ሄሮድስ አይደለም። የካህናት አለቆችና ጻፎች ናቸው። ሄሮድስ ሰብስቦ «ክርስቶስ የት ይወለዳል?» አላቸው። አላመነቱም እኮ! «በይሁዳ ቤተ ልሔም» አሉ፣ የሚክያስን ትንቢት ጠቅሰው። በቃላቸው ያውቁታል። ቤተ ልሔም ደግሞ ከኢየሩሳሌም ስንት ነው? ወደ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው! ከመገናኛ ተነስተሽ ሰሚት እንደ መሄድ ነው፣ ትንሽ ቢርቅ። ማን ሄደ ከእነሱ? ማንም! ከምሥራቅ፣ ከሩቅ አገር የመጡት፣ ጥቅሱን የማያውቁት ሄዱ። ጥቅሱን የሚያውቁት ተቀመጡ።

ሰላም፦ እዚህ ላይ አልስማማም።

አቤል፦ በምኑ?

ሰላም፦ ፈርተው ነዋ! አሁን ነገርኩህ፣ ሰውዬው የገዛ ልጆቹን ገዳይ ነው። ሌላ ንጉሥ ፍለጋ ሲሄዱ ቢያያቸው? ሰብአ ሰገል እንግዳ ናቸው፣ ነገ አገራቸው ይገባሉ። ካህናቱ ግን ልጅና ሚስት አላቸው፣ እዚያው ነው የሚያድሩት። እኔም ብሆን እቀመጥ ነበር።

አቤል፦ ማቴዎስ ፈሩ አይልም።

ሰላም፦ ናቁም አይልም።

አቤል፦ እሺ ቢፈሩም፣ አንድ ሰው እንኳን? ማታ ተደብቆ? ኒቆዲሞስ እኮ ፈሪ ነበር፣ ግን በሌሊት ወደ ኢየሱስ መጥቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ማወቅ አጥግቧቸው ነው። መልሱን ካወቅክ መሄዱ ትርፍ ይመስልሃል። እኔም ራሴ እንደዛ ነኝ፣ ይሄን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አንብቤ...

ሰላም፦ ትንሽ ፍርሃት፣ ትንሽ ጥጋብ እንበለው?

አቤል፦ ጥጋቡ ይበልጣል።

ሰላም፦ እንለፈው። እኔ ይልቅ ወረቀቴ ላይ የጻፍኩት ሌላ ነገር ነው። ሰብአ ሰገል ስንል እንዴት ያምራል፣ አይደል? ግእዝ ስለሆነ። አሁን በአማርኛ በለው እስቲ።

አቤል፦ የጥበብ ሰዎች።

ሰላም፦ አታለዝበው! «ሰብአ» ሰዎች ነው፣ «ሰገል» ጥንቆላ፣ ኮከብ ቆጠራ ነው። ግሪኩ «ማጎስ» ይላል። ያው ቃል ሐዋርያት ሥራ 13 ላይ ለኤልማስ ተጽፏል፣ እዚያ ግን አማርኛችን «ጠንቋይ» ብሎ ነው የተረጎመው። ስለዚህ ለሕፃኑ የሰገዱት እነዚህ ሰዎች ሰፈራችን ቢመጡ እናቶቻችን ልጆቻቸውን ይሰበስቡ ነበር።

አቤል፦ ይሄ ግን ይከብደኛል። ኮከብ ቆጣሪ ጋ መሄድ ኃጢአት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ነውም።

ሰላም፦ እኔም ሂዱ አላልኩም! ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ድርሳኑ ላይ ያነሳዋል። እግዚአብሔር በለመዱት ነገር ጠራቸው ነው የሚለው። ኮከብ ነው የሚያዩት፣ በኮከብ ጠራቸው። ደግሞ ያ ኮከብ ተራ ኮከብ አይደለም ይላል፤ ይሄዳል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ወርዶም ሕፃኑ ያለበት ላይ ይቆማል። የትኛው ኮከብ ነው አንድ ቤት የሚያሳይህ?

አቤል፦ ከማፑ ይሻላል በአጭሩ።

ሰላም፦ (ሳቅ) በጣም! ግን አስተውል፣ ኮከቡ ብቻውን አላደረሳቸውም። ኢየሩሳሌም ድረስ መጡ፣ ከዚያ በኋላ የሚክያስ ቃል ነው «ቤተ ልሔም» ያላቸው።

አቤል፦ ስለዚህ ኮከብ ቆጠራው በቂ አይደለም ማለት ነው። አየሽ፣ እኔ ያልኩትን ነው የምትዪው።

ሰላም፦ አላልክም እኮ! በለዓምም ከምሥራቅ የመጣ ባዕድ ነው፣ ያውም ሟርተኛ፣ «ከያዕቆብ ኮከብ ይወጣል» ያለው ግን እሱ ነው። ዘኍልቍ 24። እግዚአብሔር በማን እንደሚናገር አንተ አትወስንለትም።

አቤል፦ እሺ። እሺ፣ ግን ዛሬ ማንም አድማጭ ተነስቶ ኮከቤን አስቆጥራለሁ እንዳይል።

ሰላም፦ አይልም። ስጦታዎቹ ጋ እንሂድ፣ ሰዓቱ ሄዷል፣ በገንፎህ ምክንያት።

አቤል፦ ስንት ነበሩ መጀመሪያ? ሦስት ነው አይደል የሚባለው?

ሰላም፦ ማቴዎስ ቁጥር አይጠቅስም። ስጦታው ሦስት ስለሆነ ነው ሦስት የተባለው። በሶርያውያን ትውፊት ዐሥራ ሁለት ናቸው። ስማቸውም እንደ አገሩ ነው፤ ምዕራባውያን ሜልኪዮር፣ ጋስፓር፣ ባልታዛር ይላሉ፣ በኢትዮጵያ ትውፊት ደግሞ ሆር፣ በሰናጥር፣ ካርሱዳን የሚሉ ስሞች አሉ። እና ሌላ ነገር፣ በረት ውስጥ ከእረኞቹ ጋር አብረው የምንስላቸው ነገር። ግርግሙና እረኞቹ ሉቃስ ላይ ናቸው። ማቴዎስ «ወደ ቤትም ገብተው» ነው የሚለው። ሄሮድስ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች ያሉትን ያስገደለው ከሰብአ ሰገል እንደተረዳው ዘመን ቆጥሮ ነው፣ ስለዚህ ሲደርሱ ልጁ ምናልባት ድክ ድክ ይል ነበር።

አቤል፦ ወርቅ ለንጉሥ፣ ዕጣን ለአምላክ። ይሄ ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ቃል በቃል ነው ያስጠኑን። ከርቤ ግን...

ሰላም፦ ከርቤ ለሞት።

አቤል፦ እሱን ነው የምልሽ! አስቢው፣ ለአራስ ጥየቃ ትሄጃለሽ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትያለሽ፣ ከዚያ ለሕፃኑ ከፈን አውጥተሽ ትሰጫለሽ።

ሰላም፦ ተው አንተ! በአፍህ!

አቤል፦ ይቅር በይኝ፣ ግን እኮ እንደዛ ነው! ሬሳ የሚቀቡበት ነገር ነው። ኒቆዲሞስ ለቀብሩ ምን ይዞ መጣ? የከርቤና የእሬት ቅልቅል፣ መቶ ንጥር የሚያህል። መስቀል ላይ ሊያጠጡት የነበረው ወይን ውስጥም ከርቤ አለ፣ ማርቆስ 15። ሕይወቱ መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ያ ሽታ አለ። እመቤታችን ያንን ሣጥን ስታይ ምን አለች ይሆን?

ሰላም፦ ሴት አያቴ ከርቤ ታጨስ ነበር ቤት ውስጥ። ሽታው ደስ ይላል፣ ብትቀምሰው ግን ሬት ነው፣ መራራ። ደግሞ ሁለቱም እኛ ጋ የሚበቅሉ ናቸው። ዕጣኑ ትግራይና መተማ በኩል፣ ከርቤው ሶማሌ ክልል። ሁለቱም የሚገኙት ዛፉ ቆስሎ ነው። ልጡን ይፍቁታል፣ ያነባል፣ ያነባው ሲደርቅ ይለቀማል።

አቤል፦ ቆይ፣ ይሄን እንዴት እስካሁን አልነገርሽኝም? ዛፉ ቆስሎ ነው?

ሰላም፦ ገንፎ እያወራህ ነበራ!

አቤል፦ (ረጅም ዝምታ) እሺ። ይሄን ቤት ሄጄ አስብበታለሁ።

ሰላም፦ አንድ ነገር ቀረ። ሄሮድስ «ባገኛችሁትም ጊዜ እኔ ደግሞ መጥቼ እንድሰግድለት ንገሩኝ» ብሎ ነበር የላካቸው።

አቤል፦ ሎኬሽን ላኩልኝ ነዋ ያለው!

ሰላም፦ (ሳቅ) በትክክል። እነሱ ደግሞ በሕልም ተነገራቸውና ስልካቸውን አጥፍተው በሌላ መንገድ ሄዱ። ወርቁም ለግብፅ ስደት ስንቅ ሆነ የሚሉ ሰባኪዎች አሉ። አልተጻፈም፣ ግን ያስኬዳል፤ ድሃ ቤተሰብ ነው፣ በሌሊት ነው የተነሱት።

አቤል፦ እኔም እኮ ያን ቀን በሌላ መንገድ ነው የተመለስኩት።

ሰላም፦ ለምን?

አቤል፦ በቪላው በር ማለፍ አፍሬ! ዞሬ፣ በጭቃው በኩል፣ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ።

ሰላም፦ ስጦታውስ? ጠይቄህ አላውቅም።

አቤል፦ እዚያው ቀረ። ለጓደኛዬ ልጅ በሳምንቱ ሌላ ገዝቼ ወሰድኩ። ክርስትናውም ላይ ነበርኩ። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ እነሱ ጋ ለመሄድ የግድ በዚያ ሰፈር ነው የማልፈው፣ እና ያ ዘበኛ እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር ከሩቅ «እንኳን ማርያም ማረችህ!» እያለ ይጮህብኛል።