30 ቀን አላችሁ፦ ሳናነበው ስለምንፈርመው አንቀጽ

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለሹፌሮችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። እሁድ ከሰዓት ኤርፖርት ላይ ጥሩ ሥራ እንዳለ አውቃለሁ። እሱን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ጊዜያችሁን ላለማባከን በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አንቀጽ ነው። እዚህ ከተቀመጥነው መሀል ያልፈረመው ያለ አይመስለኝም። ስልክ ስናወጣ፣ ክሬዲት ካርድ ስንቀበል፣ ገንዘብ መላኪያ አፕ ስንጭን፣ ኡበር ወይም ሊፍት ላይ ስንመዘገብ ፈርመነዋል። አንቀጹ ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ከኩባንያው ጋር ብትጣላ ፍርድ ቤት አትሄድም፤ ጉዳይህን የሚያየው የግል የግልግል ዳኛ ነው። ሁለተኛ፣ የምትመጣው ብቻህን ነው፤ እንዳንተ ከተበደሉት ጋር ሆነህ በአንድ መዝገብ መክሰስ አትችልም። የመጀመሪያው አርቢትሬሽን ይባላል። ሁለተኛው ክላስ አክሽን ዌቨር ነው፤ በእኛ አነጋገር የቡድን ክስን መተው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሁለተኛው ነው።

ግልግል በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። እኛ ደግሞ ሽምግልና ሳናውቅ አላደግንም። ባልና ሚስት ሲጋጩ፣ ሸሪኮች በሱቅ ገንዘብ ሲካሰሱ ሽማግሌ ይቀመጣል። ግን ሽማግሌ የሚጠራው ጠብ ከመጣ በኋላ ነው። ሁለቱም ወገን ያምኑበታል። አንዱ «እኒህ ሰው አይሆኑኝም» ካለ ሌላ ሰው ይፈለጋል። አሁን የምነግራችሁ ግን ገና ሳንጣላ፣ ወደፊት በምን እንደምንበደል ሳናውቅ፣ አንዱ ወገን ብቻውን ጽፎ ያመጣው ነው። ካልተቀበልክ ስልኩም የለም፣ ካርዱም የለም፣ ሥራውም የለም።

ይህ ሕግ ሲወጣ ለእኛ ዓይነት ሰው አልነበረም። የፌዴራሉ የግልግል ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። አጥብቀው የፈለጉት ነጋዴዎች ናቸው። ጨርቅ ሻጭና ጨርቅ ገዢ ሲጣሉ ፍርድ ቤት ዓመታት ከሚቆዩ፣ ሙያውን በሚያውቅ ሰው ቶሎ ይለቅላቸው ነው ነገሩ። ሕጉ ውስጥ የመርከበኞች፣ የባቡር ሠራተኞችና ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር በሚደረግ ንግድ የተሰማሩ ሌሎች ሠራተኞች የሥራ ውል እንደማይነካ ተጽፏል። በኋላ ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2001 ይህን ነጻ መውጫ አጠበበው፤ የሚመለከተው የትራንስፖርት ሠራተኛን ብቻ ነው አለ። በነጋዴና በነጋዴ መካከል የተጀመረው ነገር የሱቅ ሠራተኛውን፣ አስተናጋጇን፣ የስልክ ደንበኛውን ሁሉ ጠቅልሎ ያዘ።

አሁን ስለ አንድ የ30 ዶላር ክስ ልንገራችሁ። ይህን ታሪክ በደንብ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። በካሊፎርኒያ የሚኖሩ ባልና ሚስት ከኤቲ ኤንድ ቲ የሞባይል አገልግሎት ወሰዱ። ማስታወቂያው ስልኩ ነጻ ነው ይላል። ሂሳቡ ሲመጣ ግን በስልኩ ሙሉ ዋጋ ላይ የተሰላ 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም የሽያጭ ታክስ አለበት። ከሰሱ። ጉዳዩ ለራሳቸው 30 ዶላር ብቻ አልነበረም፤ እንደነሱ ለተጠየቁት ደንበኞች ሁሉ ነበር። ኩባንያው ውሉን አወጣ፦ «ግልግል ነው የተስማማነው፣ ያውም ለየብቻ»። የካሊፎርኒያ ሕግ በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለውን ክልከላ አይቀበልም ነበር። ነገሩ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ። በ2011 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ኩባንያው አሸነፈ። የፌዴራሉ ሕግ የካሊፎርኒያን ሕግ ይሽረዋል ተባለ።

ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ፣ ዳኛ ብሬየር፣ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ ለ30 ዶላር ክስ ጥብቅና የሚቆም የትኛው ጠበቃ ነው? መልሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ማንም። እናንተስ ራሳችሁ ለ30 ዶላር አንድ ቀን ሥራ ትፈታላችሁ? አትፈቱም። ግን ያው 30 ዶላር ከአንድ ሚሊዮን ደንበኛ ሲሰበሰብ 30 ሚሊዮን ዶላር ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። አንቀጹ ሃምሳውን ሎሚ ለአንድ ሰው ያሸክማል።

በ2018 ደግሞ ይኸው ነገር ለሠራተኞች ደመወዝ መጣ። አሁንም 5 ለ4፤ አሠሪ ሠራተኛውን «ለትርፍ ሰዓት ክፍያህም ቢሆን ለየብቻ ነው የምትመጣው» ብሎ ማስፈረም ይችላል ተባለ። ዳኛ ጊንስበርግ ውሳኔው እጅግ የተሳሳተ ነው ብለው ተቃወሙ።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ሌሊት 11 ሰዓት ነው። ደለስ ኤርፖርት መጠበቂያው ፓርኪንግ ውስጥ ናችሁ። አፑን ስትከፍቱ ካርታው አይመጣም። ጽሑፍ ይመጣል፦ ውላችንን አሻሽለናል። ከታች አንድ ቁልፍ አለ። እሱን ካልነካችሁ ኦንላይን መግባት የለም። ወረፋው እየሄደ ነው። ጣት ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ከዚያ «አግሪ»። እርግጠኛ ነህ ሲል «የስ»። አለቀ። አንቀጹ ግን እዚያው አለ፣ ብዙ ጊዜም በትልልቅ ፊደል። በዚያ ሰዓት፣ በሁለተኛ ቋንቋ፣ በጠበቃ እንግሊዝኛ የተጻፈ ገጽ የሚያነብ ሰው ግን የለም። ይህን ስላላነበበ ማንንም አልወቅስም።

አንድ ነገር ግን እዚያው ገጽ ላይ አለ። አብዛኛው ሹፌር አያውቀውም። የኡበርም የሊፍትም የሹፌር ውል 30 ቀን ይሰጣል። በ30 ቀን ውስጥ «ግልግሉን አልቀበልም» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንቀጹ አያስራችሁም። ኦፕት አውት የሚሉት ይህን ነው። ሥራችሁ ይቀጥላል።

ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ በምሳሌ ላሳያችሁ። በካሊፎርኒያና በማሳቹሴትስ ያሉ የኡበር ሹፌሮች «እኛ ሠራተኞች ነን፣ የነዳጅና የመኪና ወጪያችን ይከፈለን» ብለው ለዓመታት ተከራከሩ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሹፌሮች በአንድ መዝገብ ነበሩ። በ2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በዚያ አንቀጽ ምክንያት ቡድኑን በተነው። በመዝገቡ የቀሩት በግልግል ያልታሰሩት ብቻ ናቸው፤ በጊዜው ኦፕት አውት ያደረጉት እዚህ ውስጥ አሉ። በ2019 ለ13,600 ያህል ሹፌሮች 20 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል ስምምነት ተደረሰ። ያው ሥራ፣ ያው አፕ፣ ያው መንገድ። አንዱን ከሌላው የለየው አንቀጹ ነው።

የተበተኑትም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ይህን ስናገር ደስ ይለኛል። «ለየብቻ ኑ አላችሁን? እሺ፣ ለየብቻ እንመጣለን» አሉ። በ2018 ብቻ 12,501 ሹፌሮች እያንዳንዳቸው የግልግል ማመልከቻ አስገቡ። ውሉ ራሱ የግልግሉን ክፍያ ኡበር ይክፈል ይል ነበር፤ ክፍያው ደግሞ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ 1,500 ዶላር ነው። ክርክሩ ሳይጀመር ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ማለት ነው። ኡበር በ2019 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊሸጥ ሲል ባቀረበው ሰነድ፣ ከ60,000 በላይ ከሆኑት ማመልከቻ ያስገቡ ወይም ሊያስገቡ ከተዘጋጁ ሹፌሮች ከአብዛኞቹ ጋር እንደተስማማ ገለጸ። ወጪውን ከ146 እስከ 170 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ገመተ።

ምግብ በአፕ የሚያደርሰው ዶርዳሽም ይኸው ደረሰበት። ከ5,000 በላይ አድራሾች ለየብቻ ሲመጡ ኩባንያው የግልግሉን ክፍያ አልከፍልም አለ። በየካቲት ወር 2020 ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የፌዴራል ዳኛ፣ ዳኛ አልሰፕ፣ የራሳችሁን ውል አክብሩ ብለው አዘዙ። አሁን ደግሞ ኩባንያዎች አንቀጹን እየቀየሩት ነው፤ ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲያመለክት ጥቂቱ ብቻ አስቀድሞ እንዲታይ፣ ሌላው ወረፋ እንዲጠብቅ የሚል እያስገቡ ነው። የትኬት ሻጩን የቲኬትማስተርን እንዲህ ያለ ሥርዓት በ2024 የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍትሐዊ አይደለም ብሎ ጥሎታል። ትግሉ አላለቀም።

አሁን ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። በብዙ ቤታችን የእናትን ስልክ የሚያስተካክለው ልጅ ነው። አፕ የሚጭነው እሱ፣ «አግሪ» የሚለውም እሱ። በኒው ጀርሲ አንድ ባልና ሚስት በ2022 በኡበር ሲሄዱ ከባድ አደጋ ደረሰባቸው። ሲከሱ ኩባንያው ውሉን አቀረበ። እነሱ እንደተናገሩት ገጹን የነካችው ገና ልጅ የሆነች ሴት ልጃቸው ናት፤ በእናቷ ስልክ ምግብ ስታዝ። በ2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሉ ይጸናል፣ ወደ ግልግል ይሂዱ ብሎ ወሰነ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ምግብ ባዘዘበት አፕ ምክንያት ፍርድ ቤት አይቆምም ማለት ነው። እኔ ይህን ትክክል ነው ብሎ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ልጆቻችሁን «አግሪ» ከማለታቸው በፊት እንዲያሳዩአችሁ ንገሯቸው።

ሌላ አገር እንዲህ አይደለም። ካናዳ ውስጥ የኡበር ውል ሹፌሩን ለግልግል ወደ ኔዘርላንድስ ይልከው ነበር፤ ገና ለመጀመር 14,500 ዶላር ያስፈልጋል። በ2020 የካናዳ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። እዚህ አገር ግን ኮንግረስ ሕጉን እስኪያሻሽል ድረስ በእጃችን ያለውን መጠቀም አለብን። ያለው ደግሞ ብዙዎቻችሁ ከምታስቡት ይበልጣል።

አንደኛ ነገር፣ ሥራችሁን እዩ። ረጅም መንገድ የጭነት መኪና የምትነዱ፣ በኮንትራክተርነት ቢሆንም እንኳ፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 ከፌዴራሉ የግልግል ሕግ ነጻ አድርጓችኋል። ኤርፖርት ላይ ሻንጣና ጭነት አውሮፕላን ላይ የምትጭኑ፣ በ2022 እናንተም። የኡበርና የሊፍት ሹፌሮችን ግን እስካሁን ያዩት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች እዚያ ውስጥ አላስገቧችሁም። ለእህቶቼ ደግሞ፦ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ የወሲብ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከሆነ፣ ምንም ብትፈርሙ፣ ፍርድ ቤት የመሄድ ምርጫው የእናንተ ነው። ይህን የምታውቅ ሴት ጥቂት ናት፤ እባካችሁ ለምታውቋቸው ተናገሩ።

መንግሥት ውላችሁን አልፈረመም። ስለዚህ አንቀጹ የክፍለ ሀገሩን ዓቃቤ ሕግ አያስረውም። በ2023 የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ከሹፌሮች ክፍያ ላይ ያላግባብ ተቆርጧል ብሎ ኡበርንና ሊፍትን በድምሩ 328 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ አስማምቷል። ያ ጉዳይ ከሹፌሮች አቤቱታ ውጪ አይነሳም ነበር። ስለዚህ ሲበድሏችሁ ቡና ቤት ተናግራችሁ አትተዉት። ለዓቃቤ ሕጉ ቢሮ ጻፉ፣ ስክሪንሾት አያይዙ።

ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ስሞል ክሌምስ የሚባለው ፍርድ ቤት አለ። አብዛኞቹ ውሎች እሱን ክፍት ይተውታል። ዲሲ እስከ 10,000 ዶላር፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ እስከ 5,000 ዶላር ያያል። ጠበቃ ሳትይዙ መቆም ትችላላችሁ።

ዋናው ግን ኦፕት አውት ነው። አጭር ደብዳቤ ነው፤ ሙሉ ስም፣ በአካውንቱ የተመዘገበው ስልክና ኢሜይል፣ የምትኖሩበት ከተማ፣ «በግልግል አንቀጹ መታሰር አልፈልግም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። የሹፌር ውሎቹ በኢሜይል ይቀበላሉ። አንዳንድ የካርድና የገንዘብ መላኪያ ኩባንያዎች ግን በፖስታ ካልሆነ አይሉም፤ እነሱን በሪኮማንዴ ላኩ፣ ደረሰኙን አስቀምጡ። የላካችሁትን ኢሜይልም አትደምስሱ። ከድሮ ጀምሮ ለምትሠሩት እውነቱን ልንገራችሁ፦ አዲሱን ውል ኦፕት አውት ማድረግ የድሮውን ላይሽረው ይችላል። ቢሆንም ውሉ በተሻሻለ ቁጥር ጻፉ፤ የትኛው ውል እንደሚጸና የሚታወቀው ክርክር ሲመጣ ነው።

ከኋላ ባለው ጠረጴዛ ደብዳቤው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ አለ። የኮሌጅ ልጆቻችን ላፕቶፕ ይዘው ተቀምጠዋል። ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ውሉን መቼ እንደተቀበላችሁ አፑ ውስጥ ቀኑን ያሳዩአችኋል። አዲስ የተመዘገባችሁና ባለፈው ወር «አግሪ» ያላችሁ ቅድሚያ ውሰዱ። ሌሎቻችን እንጠብቃለን።